እንዴት ይሠራል? አስቤዛውን ማን ይክተት?

«የገዛሁትን ዕቃ ራሴ ልክተት ወይስ የሱቁ ሠራተኛ ይክተትልኝ?» የሚለው ጥያቄ በአሜሪካና በአውሮፓ ሱፐርማርኬቶች ሰው ያነታርካል። አንዱ «ገንዘቤን ከፍዬ ለምን እሠራለሁ?» ይላል፤ ሌላው «የማንም እጅ ዳቦዬን እንዲነካብኝ አልፈልግም» ይላል። ይህን ክርክር በጌዴኦ ዞን የኮቸሬ ወረዳ ከተማ ወደሆነችው ጨለለቅቱ ብናመጣው ብዙ ሰው የሚስቅ ይመስለኛል። ከዲላ ወደ ደቡብ ተጉዞ ይርጋጨፌን አልፎ በሚደረስባት በዚህች ከተማ አስቤዛ በአመዛኙ የሚገዛው ከገበያ መደብና ከሱቅ ባንኮኒ ነው። ሻጭ ይለካል፣ ገዢ ዘንቢሉን ይከፍታል፣ ዕቃው ይገባል። ማን ከተተው ቢባል መልሱ «ሁለቱም» ነው።

እንዲያም ሆኖ ጥያቄውን የሌላ አገር ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። አዲስ አበባ ውስጥ ከሂሳብ መክፈያው ጎን ቆሞ ዕቃ የሚከትት ልጅ የተለመደ ነው። መደርደሪያው ለገዢ ክፍት የሆነ ሱቅም ወደ ሌሎች ከተሞች መስፋፋቱ አልቀረም። በዚያ ላይ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ስስ ፌስታልን ከገበያ ለማስወጣት ወስኗል። ፌስታሉ ሲወጣ «ማን ይክተት?» የሚለው ብቻውን አይቆምም፤ «በምን ይክተት?» የሚለው ይከተለዋል። ስለዚህ ሥራውን ቁጭ ብለን እንፈታታው።

ዕቃ መክተት ሲያዩት አንድ ሥራ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሦስት ነው። መቁጠር አለ፣ መደርደር አለ፣ መሸከም አለ። ሦስቱንም አንድ ሰው ሊሠራቸው ይችላል፤ ለሁለት ለሦስት ሰው ተከፋፍለውም ይሠራሉ። ክርክሩ የሚወሳሰበው ሦስቱን ደባልቀን ስለምናወራ ነው።

ገበያው ላይ

ቲማቲም ሻጯ ዘንድ ቆም እንበል። ቲማቲሙ መሬት ላይ በተነጠፈ ማዳበሪያ ላይ መደብ በመደብ ተቆልሏል። ገዢዋ አንዱን መደብ ትመርጣለች፤ ከሥር ያለውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ ታያለች፤ ዋጋ ትቆርጣለች። ከዚያ የዘንቢሏን አፍ በሁለት እጇ ከፍታ ትጠጋለች። ሻጯ መደቡን በመዳፎቿ ሰብስባ ታስገባላታለች። ገዢዋ ግን ዘንቢሉን ወዲያው አትዘጋውም።

«እናቴ፣ መርቁልኝ እንጂ።»

«ምኑን አተረፍኩበት ልጄ!» ትላለች ሻጯ። እንዲህ እያለችም ሁለት ፍሬ ትጨምራለች።

በዚህች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ብዙ ነገር ተሠርቷል። ቆጠራው የተካሄደው በሁለቱም ዓይን ፊት ነው፤ ቲማቲሙ ከመሬት ተነስቶ ዘንቢል እስኪገባ ድረስ መሃል የገባ ሦስተኛ እጅ የለም። የበሰበሰ ካለ ሲገባ ይታያል፤ እዚያው ይቀየራል። ምርቃቱም የሚጠየቀው ዘንቢሉ ክፍት እያለ ነው። ዘግቶ ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ተመልሶ «ጨምሩልኝ» የሚልን ሰው የሚሰማው የለም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ሐሜት አይደለም፣ አሠራር ነው። ዘንቢሉ ክፍት ሆኖ ሁለቱም እያዩ ሲሞላ ሻጯም አትታማም፣ ገዢዋም አትቆጭም።

በጣሳ የሚለካ እህልም የራሱ ጥበብ አለው። ልምድ ያለው ገዢ የከረጢቱን አፍ ከጣሳው ሥር ያስጠጋል፤ ጣሳው የሚከመረውም የሚገለበጠውም ከዚያው በላይ ነው። ሻጩ ጣሳውን ከጆንያው ሞልቶ እጁን ዘርግቶ ሲያመጣው ክምሩ በመንገድ ይናዳል፤ የተናደው ተመልሶ የሚወድቀው ደግሞ ሻጩ ጆንያ ውስጥ ነው። በአንድ ጣሳ እፍኝ የማትሞላ ነገር ናት፤ በአሥር ጣሳ ግን ትታወቃለች።

ይህን ጥንቃቄ የኮቸሬ ገበሬ ከቡናው ያውቀዋል። የለቀመውን ቀይ እሸት በማዳበሪያ አድርጎ ማጠቢያ ጣቢያ ሲያደርስ የከተተው እሱ ነው፣ የሚመዝነው ሌላ ሰው ነው፤ ሚዛኑ የቆመበትን ቁጥር ግን ሁለቱም ያዩታል። መያዣም ዋጋ እንዳለው ያውቃል። እሸት ቡና አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ታፍኖ ከቆየ ይሞቃል፣ መብላላት ይጀምራል፣ ጥራቱ ይወርዳል። ስለዚህ በተለቀመበት ቀን ጣቢያው እንዲደርስ ይፈለጋል።

ከባንኮኒ ወደ መደርደሪያ

የሰፈር ሱቅ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። «ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሳሙና፣ ሁለት ክብሪት» ሲሉት ባለሱቁ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ያወርዳል፣ ይመዝናል፣ ስኳሩን ቋጥሮ፣ ቅመሙን በወረቀት ጠቅልሎ ያቀብላል። ማንሳቱም፣ መቁጠሩም፣ መቋጠሩም የእሱ ነው። ለረጅም ዘመን ሌላውም ዓለም የሚገዛው እንዲሁ ነበር።

ይህ አሠራር መለወጥ የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1916 ነው። ክላረንስ ሳውንደርስ የተባለ ነጋዴ በአሜሪካ ቴነሲ፣ ሜምፊስ ከተማ ውስጥ ፒግሊ ዊግሊ የተባለ ሱቅ ከፈተ፤ ገዢው ቅርጫት ይዞ በመደርደሪያዎቹ መሃል እንዲያልፍ፣ የፈለገውን ራሱ እንዲያነሳ፣ መውጫው ላይ እንዲከፍል አደረገ። በ1937 ሲልቫን ጎልድማን በኦክላሆማ ሲቲ የሚገፋውን ጋሪ አመጣ፤ ሰው በክንዱ ከሚችለው በላይ መግዛት ጀመረ። በሰኔ 1974 ደግሞ ኦሃዮ ውስጥ ትሮይ በምትባል ከተማ ባርኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱፐርማርኬት ውስጥ ተነበበ፤ የተሸጠው አንድ ፓኬት ማስቲካ ነበር።

በእያንዳንዱ ለውጥ አንድ ሥራ ከባለሱቁ እጅ ወጣ። ማንሳቱን ገዢው ወሰደው፤ ዋጋ መለየቱን ማሽኑ ወሰደው። መክተቱ ግን ባለቤት አጥቶ መሃል ሜዳ ቀረ፤ እያንዳንዱ አገርም በየራሱ መንገድ ባለቤት ፈለገለት። አሜሪካኖቹ በብዛት ለወጣት ሠራተኛ ሰጡት። የጀርመኑ አልዲ ለገዢው ሰጠው፦ ገንዘብ ተቀባዩ ዕቃውን በጥድፊያ እያነበበ ያሳልፋል፣ ገዢው ሰብስቦ ወደ ጎን ይወጣል፣ እዚያ ይከትታል፤ ሱቁ በሠራተኛ የቆጠበውን ከዋጋ ላይ ይቀንሳል። የአሜሪካው ዋልማርት ጀርመን ገብቶ ሳይሳካለት በ2006 ጥሎ ሲወጣ በምክንያትነት ከተነሱት ብዙ ነገሮች አንዱ፣ ጀርመናውያኑ ባዕድ እጅ ዕቃቸውን ሲነካባቸው አለመውደዳቸው ነበር። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ገዢው ከከፈለ በኋላ ቅርጫቱን አንስቶ ለዚሁ ወደተዘጋጀ ጠረጴዛ ይሄዳል፤ ማንም ሳያጣድፈው ይከትታል።

ሰልፉ በሰከንድ ሲቆጠር

የሱፐርማርኬት ሰልፍ ለምን እንደሚረዝም ለማየት ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ብቻ ናቸው። አንድ ገዢ 20 ዕቃ ይዟል። አንዱን ዕቃ በማሽን ማንበብ 3 ሰከንድ፣ አንዱን መክተት 4 ሰከንድ፣ መክፈል ደግሞ 40 ሰከንድ ይፈጃል እንበል፤ በቴሌብር ከፍሎ መልእክቱ እስኪገባ የጠበቀ ሰው ከ40 ሰከንድ እንደማያንስ ያውቃል።

ገንዘብ ተቀባይዋ ብቻዋን አንብባ፣ ከትታ፣ ሂሳብ ከተቀበለች 60፣ 80 እና 40 ተደምሮ 180 ሰከንድ ነው። አሥር ሰው ቢሰለፍ የመጨረሻው ሰው የሚጨርሰው በግማሽ ሰዓት ነው።

ገዢው ራሱ ቢከትትስ? ዕቃው ሲነበብ እጁን አጣጥፎ እያየ ቆይቶ፣ ከፍሎ፣ ከዚያ በኋላ መክተት ከጀመረ ያው 180 ሰከንድ ነው፤ ለሰልፉ ምንም አልጠቀመም። ከመጀመሪያው ዕቃ ጀምሮ እየተነበበ ከከተተ ግን በ60 ሰከንዱ ውስጥ 15 ዕቃ ይገባል፤ ከፍሎ የቀሩትን 5 ዕቃዎች በ20 ሰከንድ ይጨርሳል። ድምሩ 120 ሰከንድ፣ ለአሥር ሰው 20 ደቂቃ ይሆናል።

የሚከትት ሠራተኛ ካለ፣ ንባቡም ክፍያውም መክተቱም ጎን ለጎን ስለሚሄዱ 100 ሰከንድ ይበቃል፤ አሥሩ ሰው በ17 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። አሁን የጃፓኑን ጠረጴዛ እንየው። ገዢው ተነቦለት፣ ከፍሎ፣ ቅርጫቱን ይዞ ከሰልፉ ይወጣል። ይህም 100 ሰከንድ ነው። ለራሱ 80 ሰከንድ ይከትታል፤ ከኋላው ያለውን ሰው ግን አላቆመም። አንድ ተራ ጠረጴዛ ግድግዳ ሥር ማስጠጋት ለሰልፉ አንድ ሠራተኛ የመቅጠር ያህል ይጠቅማል ማለት ነው።

ከዚህ ሂሳብ የሚወጣው ነገር ይህ ነው፦ ለሰልፉ የማን እጅ መክተቱ ልዩነት የለውም፤ መቼ እና የት መከተቱ ነው የሚወስነው። የጨለለቅቱ ቲማቲም ሻጭና ገዢ ይህን ሳያሰሉ ይሠሩታል። አንዷ ስታስገባ ሌላዋ ይዛለች፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም።

ዕቃ እንዴት ይደረደራል?

የከተተው ማንም ይሁን፣ የአደራደሩ ሕግ አንድ ነው። የሕጉንም ምክንያት ማወቅ ከመሸምደድ ያድናል።

ከባድና ጠንካራው ከታች ይሁን። ከሥር ያለ ዕቃ ከላዩ ያለውን ሁሉ ክብደት ይሸከማል። ድንች፣ ሽንኩርት፣ የታሸገ ዱቄት ይህን ይችላሉ፤ ቲማቲም፣ የበሰለ አቮካዶ፣ ዳቦና እንቁላል አይችሉም። የዘይት ጀሪካን ወይም ጠርሙስ ቆሞ፣ በድንች ተደግፎ ይቀመጥ፤ ከተጋደመ ክዳኑ መፍሰስ ይጀምራል።

የሚሸት ሽታ ከሚስብ ይራቅ። ቡና፣ ቅቤ፣ ዱቄትና ሻይ ቅጠል አጠገባቸው ያለውን ሽታ ይስባሉ። ላምባ፣ በረኪና፣ ዱቄት ሳሙናና የገላ ሳሙና ለብቻቸው ይሂዱ። በቡና ንግድ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፦ የጆንያ ክር ሲፈተል የሚለሰልስበት የማዕድን ዘይት ሽታው ቡናው ላይ ስለሚቀር፣ ገዢዎች ለምግብ በተፈቀደ የአትክልት ዘይት የተሠራ ጆንያ እንዲሆንላቸው ይጠይቃሉ። ኩንታል ቡና የሚያበላሽ ሽታ ግማሽ ኪሎውን አይምርም።

ጥሬ ሥጋ ብቻውን ይታሰር። ደሙ ሰላጣ ወይም እንጀራ ላይ ከፈሰሰ፣ ሥጋው ሲበስል የሚሞተው ጀርም ሳይበስል በሚበላው ላይ ይቀራል። ሥጋ የተያዘበት ዘንቢል ቤት ሲደርስ በሳሙና ይታጠብ።

ሙዝና አቮካዶ እንደ ፍላጎትዎ ይጎራበቱ። ሙዝ ሲበስል ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ሌላውንም ፍሬ ያበስላል። ጥሬውን አቮካዶ ለነገ ከፈለጉት ከሙዝ ጋር አብረው ያስቀምጡት። ለሳምንት እንዲቆይ ከፈለጉ ይለያዩዋቸው።

ማዳበሪያው ምን እንደያዘ ይጠይቁ። ያገለገለ የፕላስቲክ ጆንያ ጠንካራና ርካሽ ነው። ቀድሞ የአፈር ማዳበሪያ ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ከሆነ ግን ቢያጥቡትም እህልና ዱቄት አይክተቱበት፤ ለከሰል ይሁን።

ሸክሙን ለሁለት ይክፈሉ። ስምንት ኪሎ በአንድ እጅ የያዘ ሰው ወገቡ ወደ ሌላው ጎን ይጎብጣል፤ አራት አራት ኪሎ በሁለት እጅ የያዘ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቀጭን የፌስታል እጀታ ጣት የሚቆርጠውም ሙሉውን ክብደት በጠባብ መስመር ላይ ስለሚያሳርፈው ነው፤ የዘንቢል ሰፊ እጀታ ያንኑ ክብደት ያሰራጨዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለሰው ብቻ አይደለም፤ ለጣትም ይሠራል።

ይህን ሁሉ የሱቁ ልጅ ሊያውቅ ይችላል። አቮካዶውን መቼ እንደሚቆርጡት፣ ቤትዎ ፎቅ ላይ ይሁን በባጃጅ ይድረሱ፣ እንቁላሉን ለማን እንደገዙት ግን አያውቅም። መደርደር ላይ ገዢው ብልጫ ያለው ለዚህ ነው።

መያዣው

ጌዴኦ ውስጥ ከፌስታል በፊት የነበረው መያዣ ከጓሮ ይቆረጣል። የእንሰት ቅጠል፣ ኮባው፣ በእሳት ለብለብ ሲደረግ ጥንካሬው ይለዝባል፤ ሳይሰነጠቅ ይታጠፋል። ፊቱ ሰም መሰል ልባስ ስላለው ውሃና ቅባት ቶሎ አያሳልፍም። ቅቤና ቆጮ በኮባ ተጠቅልሎ ገበያ ይወጣል፤ ቃጫው ያስረዋል። ሥራውን ሲጨርስ እንሰቱ ሥር ይጣላል፣ አፈር ይሆናል። መስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እንሰትን፣ ቡናንና ትልልቅ ዛፎችን በአንድ ቁልቁለት ላይ አብሮ ያኖረ እርሻ ነው። ምግቡና የምግቡ መያዣ ከአንድ ተክል የሚገኙበት እርሻ ነው።

ፌስታል የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ዛሬ የምናውቀውን ባለሁለት እጀታ ፌስታል የነደፈው ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ነው፤ ይሠራበት የነበረው ሴሎፕላስት የተባለ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። አሠራሩ ቀላል ነው። የፕላስቲክ ቱቦ ይዘረጋል፣ ይጠፈጠፋል፣ ታችና ላዩ በሙቀት ይጣበቃል፣ ከላይ መሃሉ ተቆርጦ ሲወጣ ሁለት እጀታ ይቀራል። ስፌት የለውም። ጥቂት ግራም ብቻ የሚመዝን ነገር ኪሎዎችን ይሸከማል። ድክመቱም እዚያው ነው፦ የሾለ ጥግ አንዴ ከበሳው ቀዳዳው እየተቀደደ ይሄዳል። አንዴ አገልግሎ ሲጣል ደግሞ አይበሰብስም፤ ቦይ ይዘጋል፣ ከብት ይውጠዋል።

ሕጉ ጉዳዩን ያነሳው ዛሬ አይደለም። የ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ፣ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ክልከላው ወረቀት ላይ ቀረ፤ ፌስታሉ ግን በየሱቁ ተንጠልጥሎ ኖረ። የ2017ቱ አዋጅ የሚለየው እስከ ገዢው ድረስ በመውረዱ ነው፦ የተከለከለውን ፌስታል ይዞ የተገኘ ሰው ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ብር እንዲቀጣ ደንግጓል። ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፌስታልን አግደዋል። አየርላንድ ሳታግድ በ2002 በአንዱ ፌስታል ላይ 15 ሳንቲም ዩሮ ጣለች፤ አጠቃቀሙ በ90 በመቶ ገደማ ወረደ። ሰው ዘንቢሉን ከቤት የማይረሳው መርሳት ሲያስከፍለው ነው።

አንድ እንቅፋት ግን ሱቆቹ ራሳቸው ፈጥረዋል። በብዙ የአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች በር ላይ ጥበቃው ቦርሳ ተቀብሎ ቁጥር ይሰጣል፤ ስርቆት ይፈራል። ዘንቢል ይዞ የመጣ ገዢ ዘንቢሉን በር ላይ ትቶ ይገባና መክፈያው ጋር ሲደርስ የሚከትትበት የለውም፤ ሳይወድ በግድ የሱቁን ይገዛል። ሕጉ ዘንቢል ያዙ እያለ በሩ ዘንቢል አስቀምጡ ካለ የሚሸነፈው ሕጉ ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም። የመከተቻውን ጠረጴዛ ከመክፈያው አልፎ፣ ከቦርሳ ማስቀመጫው አጠገብ ማድረግ ነው፤ ገዢው ከፍሎ፣ ዘንቢሉን ተቀብሎ፣ እዚያው ይከትታል።

የጨርቅ ከረጢትም ቢሆን ተአምር አይሠራም። አንዱን ለመሥራት ከአንድ ፌስታል የበለጠ ጥሬ ዕቃና ጉልበት ይፈጃል። ጥቅሙ የሚታየው ደጋግመው ሲይዙት ነው። ቤት ውስጥ አሥር አዲስ ከረጢት ከማጠራቀም አንድ አሮጌ ዘንቢል እጀታውን አሰፍቶ መያዝ ይበልጣል።

የልጁ እንጀራስ?

«ሁሉም ሰው ራሱ ከከተተ ያ ልጅ ሥራ አያጣም ወይ?» የሚለው ስጋት እውነት አለው። ሥራ በሚጠበቅበት አገር የሚከትት ልጅ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ልጁ የሚሠራውን በደንብ እንየው። አራት ዕቃ ለያዘ ጎልማሳ የሚከትትበት ጊዜ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ልጅ ላዘለች እናት፣ ከዘራ ለያዙ አባት፣ የሳምንት አስቤዛ ለጫነ ቤተሰብ ከትቶ እስከ ባጃጁ ወይም እስከ መኪናው ሲሸከም ግን ማንም የማይተካው ሥራ ሠራ። ጉርሻውም ያኔ ይገባዋል።

ጉርሻው ግን ደመወዝ መሆን የለበትም። በአሜሪካ ወታደራዊ ሰፈሮች ባሉ ሱቆች ውስጥ የሚከትቱት ሰዎች የሚያገኙት ገዢው የሚሰጣቸውን ጉርሻ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አሠራር ሠራተኛውን በገዢው ፊት የሚለማመጥ፣ ገዢውንም የሚሳቀቅ ያደርገዋል። አንዱ ይሰጣል፣ አንዱ ዓይኑን ያሸሻል። ሱቁ ሰው ካስፈለገው ይክፈለው፤ ጉርሻ ከዚያ በላይ የሚመጣ ምስጋና ይሁን።

ታዲያ ማን ይክተት?

ሦስቱን ሥራ እንለያይ ብለን ነበር። መቁጠሩ በገዢው ዓይን ፊት ይሁን፤ ይህን ለማንም አሳልፎ አይስጥ። ሌላ ሰው ሲከትትልዎ ስልክ አይነካኩ፣ ዕቃው ሲገባ ይዩ፣ ደረሰኙን ይያዙ። መደርደሩን በተቻለ መጠን ገዢው ይሥራው፤ የቤቱን ነገር የሚያውቀው እሱ ነውና። መሸከሙ ጉልበት ላለው ይሁን። ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር፣ ልጅ ያዘለች ሴት ካለች ሠራተኛው ሳይጠየቅ ይነሳ፤ ሠራተኛ ከሌለ ከኋላ የተሰለፈው ሰው እጁን ይዘርጋ። መያዣው ደግሞ ምንጊዜም የገዢው ይሁን።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ እጁ የማንም ሊሆን ይችላል፤ ዓይኑና ዘንቢሉ ግን የገዢው ናቸው። ባለሱቆች ሆይ፣ አንድ ጠረጴዛ ከመክፈያው አልፎ አስቀምጡ፤ ዘንቢል የያዘውን ሰው በር ላይ አታስጥሉት። ገዢዎችም ነገ አስቤዛ ስትወጡ ከኪስ ቦርሳው ቀድማችሁ ዘንቢሉን አንሱ። ብሩን ከረሳችሁ ባለሱቁ በዱቤ ይሰጣችኋል፤ ዘንቢል የረሳ ግን ከእንግዲህ ፌስታል አይኖረውም።